ቁርስ የሚጨምር መሬት

ዛሬ ጠዋት ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ስገባ አትክልተኛው የግቢውን ሣር እያጨደ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስላደረ ሣሩ እርጥብ ነው፤ ማጭዱ ባለፈበት ሁሉ ያ ትኩስ፣ ትንሽ መረር የሚል ሽታ ይነሳል። ለሌላው ሰው የእርጥብ ሣር ሽታ በዓል ነው፣ ሠርግ ነው። እኔን ጥርሴን ያስነክሰኛል። ደረጃው ሥር ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። በረንዳው ላይ አዳዲስ የኮምፒውተር ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ክራባት ያሰረ ሰው ተሸካሚዎቹን "ቶሎ በሉ እንጂ! ዛሬውኑ ንብረት ክፍል ገቢ መሆን አለበት" እያለ ያጣድፋል። ሰኔ ነዋ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሰኔ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ ካለ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ገንዘብ ያስመለሰ ኃላፊ ደግሞ "መፈጸም አልቻለም" ተብሎ ይገመገማል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ እስክሪብቶ ለመግዛት አሥር ፊርማ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት፣ ሰኔ ሲገባ እጁ ይፈታል። ጎማ ይገዛል፣ መጋረጃ ይገዛል፣ ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ ይገዛል። እኔ በማስታውሰው ዘመን ደግሞ ሶፍትዌር መግዛት ተጀመረ። ሶፍትዌር ለሰኔ የተፈጠረ ዕቃ ነው፤ መጋዘን አይፈልግም፣ አይመዘንም፣ ዋጋው ስንት መሆን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በአካባቢው የለም።

ትዝታ ለመጻፍ ገና ነህ የሚለኝ ይኖራል። አርባ አልሞላኝም። ነገር ግን ኮምፒውተር በሚጠግን ሰው እጅ ዘመን ቶሎ ያረጃል። ሲዲ ስል "ምንድን ነው እሱ?" የሚሉኝ ልጆች ሱቄ ይመጣሉ። እኔ የማወራው ፍላሽ በክር ታስሮ አንገት ላይ እንደ ጌጥ የሚንጠለጠልበትን ጊዜ ነው። ፍላሽ ያለው ጎረምሳ ሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ከፍቶ ነበር የሚሄደው፣ እንዲታይለት። ሱሪው ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ፣ ቀበቶው ላይ ትልቅ የብረት ንስር። እኔ ያኔ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። በቀኛችን ዘፈን ቤት፣ በግራችን መዝሙር ቤት። ዘፈን ቤቱ የፍቅር ዜማ ሲለቅ መዝሙር ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ከፍ ያደርጋል፤ እኛ መሃል ሆነን ማመልከቻ እንተይባለን። ከሁለቱም ወገን ያልሰማሁት የለም፤ እስካሁን አንዳንዱን መዝሙር በዘፈኑ ምት ነው የማስታውሰው። ጠዋት ጠዋት ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የጫኑ ብስክሌቶች ያልፋሉ፣ የዓሣው ጅራት ከጆንያው ወጥቶ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች ከባጃጅ ጋር ይጋፋሉ። በሁለት ብር የሚገዛ ሙዝ እጅ ላይ አይያዝም ነበር፤ በኮፍያ ነበር የሚቀበሉት። ከሲቀላ ሴቻ በባጃጅ በብር ከሃምሳ ትወጣለህ፤ ሳንቲም ካጠረህ ሹፌሩ "ነገ ትሰጠኛለህ" ብሎ ያወርድሃል፣ ነገም ይረሳዋል። ኮምፒውተሩን ያስተማረኝ የለም። ደንበኛ በሌለ ሰዓት መዝገበ ቃላት ይዤ፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየነካሁ፣ ሳበላሽ እያስተካከልኩ ነው የለመድኩት። የአሠራሩ ነገር አንድ ጊዜ ከገባኝ በኋላ ደግሞ ትንሽ ስህተት እንደ ጫማ ጠጠር ነው የሚቆረቁረኝ። ይህ ጠባዬ ዳቦ አላበላኝም። ቢሆንም አልለቀቀኝም።

በዚያ ሰሞን ነው ሴቻ ያለ፣ የእርሻ ይዞታ ጉዳይ የሚያይ አንድ ጽሕፈት ቤት በኮንትራት የቀጠረኝ። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ስሙም ተቀይሯል፣ ቤቱም ተቀይሯል። ኃላፊው አቶ መስፍን ይባሉ ነበር፤ ደጋ ተወልደው ከተማ ያደጉ፣ ሰው የሚወዱ፣ ለሐዘን ቤት ቀድመው የሚደርሱ ሰው። መዝገብ ክፍል ውስጥ ሰብለ ነበረች፤ ተጫዋች ልጅ ናት፣ በሳቋ ግቢው ሁሉ ያውቃታል። ሥራችን በኩልፎ ዳር ያሉትን የሙዝና የፍራፍሬ ማሳዎች ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው ተባለ። ለዚህም ሰኔ ላይ ሶፍትዌር ተገዛ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ብጽፈው ዜሮ የጨመርኩ ይመስላችኋል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ነበር፤ ሦስቱም ፖስታዎች የመጡት በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ነው። የግዢ ኮሚቴው "አሸናፊው ታውቋል" ብሎ ለምሳ ተበተነ።

ሥልጠናው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር የተሰጠን። አበል ስለነበረው ማንም አልቀረም፤ ዘበኛው ሳይቀር መጥቷል። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሾለ፣ ሱፉ የጠበበው ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ አበራልን። ከላይ "የማሳ ቁጥር" ይላል፤ ጥሩ። ከሥሩ "የእንግዳ ስም" ይላል።

"ይቅርታ፣ እንግዳ ማለት ማን ነው?" አለች ሰብለ።

"ባለይዞታው ነዋ።"

"ባለይዞታው እንዴት እንግዳ ይባላል? ሴትየዋ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው አርጅታ!"

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። "መሬት የመንግሥት ነው። ስለዚህ በመንግሥት መሬት ላይ ሁሉም ሰው በመርህ ደረጃ እንግዳ ነው።"

አንዳንዱ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ቀጥሎ "የአልጋ ብዛት" መጣ። ይሄኔ ዘበኛው ሳቀ። አሠልጣኙ ግን አልተበገረም፤ "አልጋ ማለት እዚህ ጋ መደብ ማለት ነው። አትክልት በመደብ አይደል የሚተከለው?" አለ። እውነት ነው፣ ቤት ውስጥ የሚተኛበትም መደብ ነው፣ ጎመን የሚተከልበትም መደብ ነው፤ ሰውየው ሳያስበው አማርኛ አተረፈው። ከታች በስተግራ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ የመጨረሻው መጣ፦ "ቁርስን ይጨምራል? አዎ / አይ።"

"ይሄስ?" አለች ሰብለ፤ ድምፅዋ ሳቅ አፍኖታል።

"ቁርስ ማለት... የበልግ ምርት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የሚገኝ።"

ሰብለ ከዚያ ወዲያ መያዝ አልቻለችም፣ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። እኔም የዚያን ቀን ስቄያለሁ። ዛሬ ሳስበው ደሜ የሚፈላው በዚያ ሳቅ ነው። የገዛነው የሆቴል ሶፍትዌር መሆኑን ለማወቅ የኮምፒውተር ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር። ዘበኛው አውቋል። አቶ መስፍን አውቀዋል። የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ምሳ ላይ ዓሣውን በዳጣ እያጠቀሰ "እኔስ ሁለት አልጋ ከነቁርሱ ይያዝልኝ" ብሎ ጠረጴዛውን ሙሉ አስቆታል። አንድ ሰው ከሆቴሎች የተረፈውን ዕቃ "ክፍል" የሚለውን "ማሳ" ብሎ ቀይሮ፣ የቀረውን ለመቀየር እንኳ ሰንፎ፣ ለሰኔ ሸጦልናል። ሁላችንም አይተናል። ሁላችንም አበላችንን ፈርመን ወጥተናል። ከዚያ ሰኞ ዕለት ተቀምጠን የሰው መሬት በውስጡ መክተት ጀመርን።

አንድ ሳጥን ግን አላሳለፈንም። "የመውጫ ቀን" ይላል። ካልሞላኸው አይቀጥልም፤ ቀይ መስመር ያሰምርና ይቆማል። ሆቴል ነውና እንግዳው መቼ እንደሚወጣ ማወቅ አለበት። አቶ መስፍንን ጠየቅናቸው። እሳቸውም አዲስ አበባ ደውለው ስልክ የሚያነሳ አጡ። በመጨረሻ የሂሳብ ክፍሉ ሰው "ሰኔ ሠላሳ በሉት፣ ሁሉም ነገር የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ አይደል?" አለ። ለእኛ ዓመት ማለት በጀት ዓመት ነው። ሰው የሚቀጠረው፣ ነዳጅ የሚቆመው፣ አበል የሚያልቀው፣ ሁሉም ሰኔ ሠላሳ ነው። ማንም ሌላ ቀን አልመጣለትም። የኩልፎን ገበሬ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ከገዛ መሬቱ የሚወጣበት ቀን ሰኔ ሠላሳ ብለን አስገባን።

እትዬ አስቴርን ያወቅኳት ያን ጊዜ ነው። ከኩልፎ ድልድይ ታች ሙዝና ማንጎ ያላት፣ የኦቾሎ ተወላጅ፣ በጋብቻ ወደ ቆላ የወረደች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ድምፅዋ ከመዘምራን ሁሉ ይለያል ይባል ነበር። የታተመውን ወረቀት ይዛ መጣች፤ የልጅ ልጇ አንብቦላታል።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ምን ይላል? እኔ የማን እንግዳ ነኝ?"

"የኮምፒውተሩ ቋንቋ ነው እትዬ አስቴር፣ አትጨነቂ።"

"የመውጫ ቀን ይላል። ወዴት ነው የምወጣው?"

አስረዳኋት። ስህተት መሆኑን፣ ቀኑን ያስገባነው ሳጥኑ እምቢ ስላለን መሆኑን ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና "ስህተት ከሆነ ለምን ማኅተም መታችሁበት?" አለች። ሄጄ ለአቶ መስፍን የነገርኳቸው በዚያኑ ቀን ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን ቢሯቸው ገብቼ፣ ቀስ ብዬ። "የሆቴል ነው ጋሼ። ቀኑ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም፤ እንዲመለስልን እንጻፍ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ዮናስ፣ ለዚህ ሶፍትዌር ስንት እንደወጣ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ይህን ያህል የወጣበት ነገር ይሳሳታል?"

እንዲህ ያለ ክርክር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን በሰማሁ ቁጥር አውቀዋለሁ። ዕቃው ውድ ስለሆነ ትክክል ነው። ትክክል ካልሆነ ገንዘቡ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ገንዘቡ ጠፍቷል ካልን ኦዲት ይመጣል፤ ኦዲት እንዳይመጣ ደግሞ ዕቃው ትክክል መሆን አለበት። ሴትየዋ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የለችም።

ሐምሌ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሮቹን ስንከፍት የኩልፎ ማሳዎች በሙሉ አረንጓዴ ሆነው ጠበቁን። እያንዳንዱ ላይ "ማሳው ጸድቶ ለሚቀጥለው እንግዳ ዝግጁ ነው" የሚል ተጽፏል። ሰብለ አነበበችው፤ በዚያን ቀን አልሳቀችም። ወረቀቶቹን አውጥተን ከላይ ጀምረን እንደገና ማስገባት ያዝን። ነገር ግን ያው ሲስተም በሌላ ክፍልም ተከፍቷል፤ እዚያ ያለው ባለሙያ ቦታ ለሚጠይቅ ሰው ነጻ ማሳ ይፈልግ ነበር፤ አንድ መኪና ማጠቢያ መሥራት የሚፈልግ ባለሀብት ለድልድዩ ቅርብ የሆነ፣ ውሃ የሚደርስ ቦታ ይሰጠኝ ብሎ ቆይቷል። ባለሙያው አረንጓዴውን አየ፣ ጫነ። እኛ እትዬ አስቴር ጋ ስንደርስ ማሳው ቀይ ሆኗል። ሌላ እንግዳ ገብቶበታል።

ለመመለስ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉ ሻጩ ጋ ነው። ሻጩ ስልኩን በመጨረሻ አነሳና "ይሄ በውሉ የለም፤ የማሻሻያ ክፍያ ይጠይቃል" አለ። ክፍያው ደግሞ በጀት ይጠብቃል። እትዬ አስቴር በየቀኑ ትመጣለች። "ሲስተሙ ነው እማማ" ይሏታል። "ሲስተም የለም ዛሬ።" "ሲስተሙ ነው የሰጠው፣ እኛ አይደለንም።" "ሲስተሙ ሲመለስ ይታያል።" ማሳዋ ላይ ባለሀብቱ አሸዋ አስጭኖ ማውረድ ጀመረ፤ ከወንዙ ዳር ያሉት ሙዞች ተቆረጡ። ፍሬ ያልደረሱ ነበሩ። አጋድመው ጋሪ መሄጃ አደረጓቸው። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ሄጄ አይቻለሁ። የሙዝ ግንድ ሲቆረጥ ውሃው እንዴት እንደሚፈስ ያየ ያውቃል። ቀኑን ሙሉ አያቆምም።

አጎቴ ሻንቆ ከኦቾሎ የወረደው በዚያ ሳምንት ነው። ሸማኔ ነበር፤ የአገራችንን ባለ ቀለም ጥለት ልብስ፣ ዱንጉዛን፣ እንደሱ የሚሠራ ጥቂት ሰው ነበር። የአስቴርም የሥጋ ዘመድ ነው፤ ኦቾሎ ላይ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ አድሮ ጠዋት ላይ ጠየቀኝ። አማርኛው ለከተማ ብቻ የሚያወጣው ነው፣ ሴትና ወንዱን ያቀያይረዋል።

"አስቴር ከማን ጋር ነው የተጣላው?"

"ከማንም ጋር አጎቴ። ሲስተሙ ነው።"

"እኮ! ሁሉም እሷን ነው የሚሉት። ሲስተም ፈረደች፣ ሲስተም ሰጠች፣ ሲስተም ዛሬ የለችም። ይቺ ትልቅ ሰው ናት መሰለኝ፤ ቢሮ የማትገባ። የት ነው ቤቷ?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "አዲስ አበባ ትሆናለች" አለ። ሳቄ መጣ፤ ግን የአጎቴን ፊት አየሁና ዋጥኩት። አይቀልድም ነበር። አስረዳሁት፦ ሰው አይደለም፣ ማሽን ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ በገንዘብ የተገዛ ነው። ከዚያ "ሰው ካልሆነ" አለ፣ "እንዴት ይፈርዳል?" ተነሳና ጋቢውን አስተካክሎ "እንግዲያው ሰው እናድርገው" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ቢሮው እስክንደርስ አልገባኝም።

በእኛ አገር የተጣላን ሰው ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊቱ ይንበረከካል። ሣሩን ተራምዶ ያለፈ ሰው ጎሜ ሠራ ይባላል፤ ነውሩ በእሱ አያበቃም፣ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። ፕሮቴስታንት ነኝ የሚለውም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ የሚለውም፣ ዲግሪ ያለውም፣ ያችን ሣር ሲያይ እግሩ ይታሰራል። አጎቴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከግቢው ሣር ነቀሉ። ከነውሃው ነው፣ ጠል ያዘለ። ኮምፒውተሮቹ ያሉበትን ክፍል ጠየቁና በሩ ላይ፣ ደፉ ላይ ዘርግተው፣ ሦስቱም ተንበረከኩ። እትዬ አስቴር ከኋላቸው ተቀመጠች። የሥራ ሰዓት ገና መጀመሩ ነው።

መጀመሪያ የመጣችው ሰብለ ናት። አየች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። የሂሳብ ክፍሉ ሰው መጣ፤ "አባቶቼ ምን ሆናችሁ? እዚህ መተላለፊያ ነው" አለ። አጎቴ ቀና ብሎ "ሲስተምን ጥራልን። ከአስቴር ጋር ልናስታርቅ ነው" አለው። ቀድሞ ውስጥ ገብቶ የነበረ አንድ ጀማሪ ባለሙያ መውጣት አቃተው፤ መስኮቱን እያየ "እኔ በመስኮት ልወጣ?" ይላል። "በመስኮት ብትወጣ ያው ሣሩን ሸሸህ ነው" አለችው ሰብለ ከውጭ። ባለጉዳዮች ተሰበሰቡ። ከውጭ አገር የመጣውን ማሽን፣ ይህን ያህል የወጣበትን፣ በሦስት እፍኝ ሣር የዘጉት ሰዎች ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

አቶ መስፍን መጡ። ከሩቅ ሲያዩት ገባቸው፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አባቶች፣ በፈጠራችሁ ተነሱ። ይሄ የሰው ጠብ አይደለም። ሲስተም ሰው አይደለም።"

"አይደለም?" አለ አጎቴ። "ታዲያ መሬቱን ለባለመኪናው ማን ሰጠ?"

"ሲስተሙ።"

"እኮ እሱን ጥራልን። ካልመጣች በእሷ ፋንታ የሚቆም ይምጣ። እኛ እስክትመጣ አለን፤ ዛሬ ገበያም የለብን።"

አቶ መስፍን ወደ እኛ ዞሩ። እኛን አዩ፣ ማሳውን የሰጠውን ባለሙያ አዩ፣ የግዢ ኮሚቴውን ሰብሳቢ አዩ። ሰብሳቢው ስልኩን አወጣ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። በመጨረሻ አቶ መስፍን ጉልበታቸውን አጠፉ፤ ሣሩ ማዶ፣ ከአጎቴ ፊት ለፊት ተንበረከኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ሲስተም እኔ ነኝ።"

"እንዲህ በለን" አለ አጎቴ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት የእትዬ አስቴር ማሳ በእስክሪብቶና በማኅተም ተመለሰላት። ማሻሻያ ክፍያ አላስፈለገም። ለባለ መኪና ማጠቢያው ሌላ ቦታ ተሰጠው። የተቆረጡት ሙዞች ግን ተቆርጠዋል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ዛሬ ሣር ሲሸተኝ ፈገግ እል ነበር። ግን አላበቃም። አቶ መስፍን "እኔ ነኝ" ባሉበት ዓመት ማብቂያ ላይ በግምገማ ተነሱ፤ የተጻፈባቸው ጥፋት የገዙት ዕቃ አይደለም፣ "ቴክኖሎጂን ተቀብሎ አለመተግበር" ነው። የእኔም ኮንትራት ሰኔ ሠላሳ አለቀ፣ እንደ ሁሉም ነገር። ከዚያ በኋላ በመጣው ሰኔ ሌላ ሲስተም ተገዛ፣ ከዚያም ሌላ። እኔ ሲቀላ ተመልሼ ሱቅ ከፈትኩ፤ የተጣሉትን ኮምፒውተሮች በጨረታ የገዙ ሰዎች ለጥገና ያመጡልኛል፣ ስከፍታቸው ውስጣቸው የሀገር ሀብት ሞልቷል፤ አንድ ቀን ያልሠሩ ሲስተሞች፣ ፈቃዳቸው ያለቀ፣ ማንም ያልተማረባቸው፣ እርስ በርስ ሊነጋገሩ የማይችሉ። አንድ ትምህርት ቤት ጠመኔ አጥቶ ጥቁር ሰሌዳው ተሰንጥቆ ሳለ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ጓንት ሲያልቅበት፣ እነሱ እዚያ ውስጥ ተኝተዋል። የጠፋው ገንዘብ ብቻ ቢሆን እንኳ እችለው ይሆናል። የማልችለው ሲስተም የሚለውን ቃል ነው። ድሮ የበደለህ ሰው ፊት ነበረው፤ ልትሰድበው፣ ልትለምነው፣ ልትከሰው ትችል ነበር። አሁን ብዙ ገንዘብ ከፍለን ፊት የሌለው በዳይ ገዛን። ይህን እንደ መሻሻል አድርገው ሪፖርት ያቀርቡታል።

ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት ደረጃው ሥር የቆምኩት። የመጣሁት ለራሴ ጉዳይ ነበር፤ የሱቅ ፈቃዴን ለማሳደስ፤ ዛሬ የንግዱም የመሬቱም ጉዳይ በአንድ ቤት ነው የሚታየው። በረንዳው ወንበር ላይ እትዬ አስቴርን አገኘኋት። አርጅታለች። ነጠላዋ ግን እንደ ጥንቱ የነጣ ነው፤ እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች። ሰላም ሳትለኝ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

አዲስ ነው፣ ባለ ቀለም፤ ጥግ ላይ በስልክ የሚነበብ የነጥብ ማኅተም አለው። አነበብኩት። የማሳ ቁጥር። የእንግዳ ስም። የመግቢያ ቀን። የመውጫ ቀን፤ ሰኔ ሠላሳ። ከታች በስተግራ፣ ዓይን በማያርፍበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ "ቁርስን ይጨምራል? አይ።" ሌላ ሻጭ፣ ሌላ ስም፣ ሌላ ቀለም፤ ያው ሆቴል። ያኔ እኛ ያስገባነውን ሁሉ እንዳለ ጠርገው አዲሱ ውስጥ ገልብጠውታል። ሰኔ ሊያልቅ ነው።

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

"ሲስተም የለም አሉ። ከሰኔ በኋላ ተመለሺ አሉ።"

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጨዋ፣ ድምፅዋ ለስላሳ። "ወንድም፣ በእውነት እኔ ምንም ማድረግ አልችልም፤ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያወጣው" አለችኝ። ኃላፊውን ላናግር ስላት "ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ዕቃ ርክክብ አለ" አለች። ውሸቷን አይደለም። የሚረከቡት ዕቃ በረንዳው ላይ ነበር።

እትዬ አስቴር አጠገብ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ሣሩን እያየን ነው።

"ሻንቆ የለም" አለች።

"የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎችም የሉም።"

"ታዲያ?"

"እኔ ሽማግሌ አይደለሁም እትዬ አስቴር። ሣር የሚይዘው ሽማግሌ ነው። ይስቁብኛል።"

"አንተ ሽማግሌ እስክትሆን" አለች፣ "ሰኔ አይጠብቀኝም።"

ተነሳሁ። አትክልተኛው ጋ ሄጄ አንድ እፍኝ ሣር ለመንኩት። ማጭዱን አሳርፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለምንህ ነው?" አለኝ። "ለሲስተም" አልኩት። አልሳቀም። የታጨደውን ትቶ ጥግ ወዳለው፣ ማጭድ ወዳልነካው ሄደ፤ ረጃጅሙን መርጦ ነቀለና ከነጠሉ ሰጠኝ። "በቀኝ እጅህ ያዘው" አለኝ ብቻ።

በሩ ላይ ዘረጋሁት። ተንበረከክሁ፤ እትዬ አስቴር አጠገቤ ተንበረከከች። ካርቶን የተሸከሙት ሁለቱ ሰዎች ደረጃው ላይ ቆሙ። ክራባት ያሰረው "ምንድን ነው ይሄ? ግቡ እንጂ!" ብሎ ጮኸባቸው፤ አንደኛው ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ልጅቷ መስኮቱን ትታ ወደ በሩ መጣች። "ወንድም እባክህ፣ ሥራ እየ..." ብላ ጀመረች፤ እግሯን አነሳች፤ ከዚያ ወደ ታች አየች። እግሯ አየር ላይ ቆየ። ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለቻት እትዬ አስቴር።

ልጅቷ ዞራ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨለማው ኮሪደር ተጣራች። "ጋሼ! ኧረ ጋሼ፣ ውጡ! ራስዎ ይምጡ!"

እንደገና ተጣራች። ከዚያ ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ወንበር ወለል ላይ ሲገፋ ሰማሁ። ሲስተም ወንበር አይገፋም።